«ደባሌ ናት» ብሎ ጻፈ

ናይሪ የደወለችው ረቡዕ ከምሳ በፊት ነው። ሉፔ ፊፊታ ከስጋ ፋብሪካው የአጥንት መለያ ክፍል ወጥታ፣ ጓንቷን በጥርሷ ስባ አውልቃ ስልኩን አነሳች።

«ከሥራ ስትወጪ ብቅ በይ» አለቻት ናይሪ። «ስምሽ ያለበት ወረቀት እጄ ገብቷል።»

በድምጿ ውስጥ ደስታም ሐዘንም አልነበረም። ደስታውን የጨመረችበት ሉፔ ራሷ ናት። ምሥራች የሚጠብቅ ሰው «እንዴት ዋልክ» ቢሉትም ምሥራች ይመስለዋል፤ እሷ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ ጆሮዋን አቁማ ነው የከረመችው። የቀረውን ፈረቃ የበግ ትከሻ ከአጥንቱ እየለየች ስታንጎራጉር ከጎኗ የምትሠራው ሴላ አላስቻላትም።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን ነክቶሻል? በጉን እኮ በደስታ የሞተ አስመሰልሽው!»

«ሥራሽን ሥሪ አክስቴ።»

«ያ የገበሬ ልጅ ነው አይደል? እሱን እያሰብሽ ጣትሽን እንዳትቆርጪ። ለቀለበት ያስፈልግሻል።»

ሉፔ ሳቀች። ሴላ በሥጋ አትዛመዳትም፤ ግን ከቶንጋ ደሴቶች መጥተው ኦማሩ ከተማ የሚኖሩ ልጆች በእናታቸው ዕድሜ ያለችን ሴት ሁሉ አክስት ነው የሚሉት። ናይሪንም የጠቆመቻት ሴላ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስምንት ወር በፊት ሉፔ ዋናው መንገድ ላይ ካሉት ባንኮች አንዱ ጋ ገብታ የቤት ብድር ጠይቃ ነበር። ከረባት ያሰረው ልጅ ሁለት ደቂቃ ኮምፒውተሩን ነካክቶ «ሲስተሙ አልተቀበለሽም» ብሎ አሰናበታት። ሲስተም ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ በምን እንደጠላት አልነገራትም። በማግስቱ ዓይኗ አብጦ ሥራ ስትገባ ሴላ ጉዳዩን ከአፏ ፈልቅቃ አወጣችው።

«ባንክ እምቢ ሲል ወደ ናይሪ ነው የሚኬደው» አለቻት። «የቤት ብድር ደላላ ናት። ከየባንኩ ጋር ትከራከርልሻለች።»

«ደላላ? ደላላ ደግሞ ስንት ልትወስድብኝ ነው!»

«ካንቺ ሰባራ ሳንቲም አትወስድም። ብድሩ ሲፈቀድ ባንኩ ነው የሚከፍላት።»

«ባንክ የሚከፍለው ሰው ለኔ ያደላል?»

«እሱን ወንበሯ ላይ ተቀምጠሽ ስትመጪ ንገሪኝ።»

ናይሪ ሃምሳን የተሻገረች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ የተወለደች ሴት ናት። ቢሮዋ ከዓሣና ድንች መጥበሻው ጎን ያለች አንዲት ክፍል ስትሆን፣ ደንበኛ የሚቀመጥባት ደግሞ ከተዘጋ ትምህርት ቤት የተገዛች አንዲት የእንጨት ወንበር ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ሁልጊዜ አይብ ተጠቅልሎበት የተጠበሰ ዳቦ አይጠፋም። ዳቦው ግን ማንንም አያታልል። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የሦስት ወር የባንክ መግለጫው መስመር በመስመር ይመረመራል፤ የሚፈርመውንም ወረቀት ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ጮክ ብሎ ያነባል። «ዓይን ይዘላል፣ አፍ ግን አይዘልም» ትላለች ናይሪ። በዚህ ሕጓ የተቀየሙ ጌቶች አሉ፤ ሳያነቡ የፈረሙ ግን የሉም።

በመጀመሪያው ቀን የሉፔን መግለጫ እያገላበጠች «ይሄ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ቶንጋ የሚሄደው ምንድን ነው? ባንኩ ዕዳ መስሎት ነው የጣለሽ» አለቻት። ሉፔም «አያቴ ናት» አለች። ናይሪ እዚያው ለባንኩ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው «ይህ ዕዳ አይደለም፣ አያት ናት» ብሎ ይጀምራል። ሉፔ ያን ጊዜ ነው የወደደቻት።

ይህን ሁሉ ከዳንካን ደብቃ ነው ያደረገችው። ዳንካን ኤርሊ በወንዙ ሸለቆ ውስጥ አራት ትውልድ በግ ያረባ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሲስቅ ጆሮው የሚቀላ ሰው ነው፤ ሉፔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ጆሮ ለማቅላት ያልቀለደችው ቀልድ የለም። ባለፈው ፋሲካ እናቱ ገበታ ላይ የናና መረቁን እያቀበለቻት ፈገግ ብላ «የዛሬ ሴቶች ብልጥ ናቸው፤ ከሰውየው በፊት ቤቱን ያያሉ» አለች። ሉፔ ወደ ዳንካን አየች። ዳንካን ሳህኑን አየ። ያን ዕለት በልቧ ማለች፤ የሱን ቤት የምትረግጠው የራሷን ድርሻ በእጇ ይዛ ነው። ስድስት ዓመት ያጠራቀመችውን ገንዘብና ናይሪ ያስተካከለችላትን ፋይል ፊቱ አስቀምጣ «እኩል ነን» ልትለው ነበር። እንዴት አድርጋ እንደምትለው እንኳ መስታወት ፊት ተለማምዳለች።

ከዚያ ያለፈው እሁድ መጣ። ከቤተክርስቲያን ስትወጣ ዳንካን ፒክአፑን አቁሞ ይጠብቃት ነበር። አንድ ወረቀት የመኪናው ሞተር ክዳን ላይ ዘርግቶ በአውራ ጣቱ የመጨረሻውን መስመር አሳያት።

«እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፣ ርግቤ። የባንክ ጣጣ ነው።» ሉፔ በቶንጋ ቋንቋ ርግብ ማለት መሆኑን ከነገረችው ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

«የቤቱ ነው?»

«የቤታችን ነው።»

«የቤታችን» ከተባለ በኋላ የቀረውን ማን ያነባል! ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ወረቀቱን እንዳይወስደው ዳንካን የላይኛውን ግማሽ በሰፊ መዳፉ ሸፍኖ ይዞት ነበር። ፈረመች። ስሟን ቤቱ ላይ ሊያስገባላት ነው ብላ ደመደመች። እሷም በድብቅ፣ እሱም በድብቅ፣ አንዱ ሌላውን ሊያስደንቅ ሲሯሯጥ እየታያት ሦስት ቀን ለብቻዋ ስትስቅ ሰነበተች።

* * *

ናይሪ ዳቦ አላቀረበችም። ሉፔ ይህን ያስተዋለችው በኋላ ነው።

«ተቀመጪ» አለቻት። ከዚያ አንዲት ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠች። ጥጓ ላይ የጭቃ ጣት አሻራ አለ። «ይቺ ወረቀት ትናንት ተፈርማ መጣችልኝ። እኔ ደግሞ መኪና ላይ የተፈረመ ወረቀት አልቀበልም። ስሙ ያለበት ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነባል፣ ከዚያ በፊቴ ይፈርማል።»

«ከዳንካን ነው?» አለች ሉፔ፤ ሳቋን መደበቅ አቃታት። «አንቺ ጋ መምጣቱን አላውቅም ነበር! እሱም እኔ መምጣቴን አያውቅም። አክስቴ፣ ጉድ እኮ ነው!»

«ስለ ሌላ ደንበኛ አንድ ቃል ልነግርሽ አልችልም» አለች ናይሪ። መነጽሯን አወለቀች። «ይሄ ግን ያንቺ ቃል ነው ተብሎ ነው የመጣው። ስለዚህ ያንቺ ነው። አንብቢው።»

ሉፔ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ በቤተክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ በምታነብበት ድምፅ ጀመረች።

«እኔ ሉፔ ፊፊታ፣ አቶ ዳንካን ኤርሊ በሚገዙት ቤት ውስጥ በደባልነት እንደምኖር፣ በየሳምንቱም ሁለት መቶ ሃምሳ ዶላር የክፍል ኪራይ እንደምከፍላቸው አረጋግጣለሁ…»

ቆመች። «በደባልነት» የሚለውን መልሳ አነበበችው፤ ሌላ ቃል ይሆን እንደሆነ ብላ። ያው ነው። ዓይኗን ወደ ናይሪ አነሳች። ናይሪ መስኮቱን ታያለች።

«ቀጥይ፣ የኔ ልጅ።»

«ከአቶ ዳንካን ኤርሊ ጋር የጋብቻም ሆነ የፍቅር…»

አፏ እውነትም አልዘለለም፤ ግን እዚያ ላይ ቆመ። የቀረው ሁለት ቃል ነበር። ሁለቱን ቃላት ታያቸዋለች፣ ከሥራቸውም የራሷን ፊርማ ታያለች፤ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል በደስታ አስረዝማ የጻፈችውን። ሰውነቷ ክው አለ።

«ነፋስ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ነፋስ እንዳይወስደው ነው በእጁ የያዘው።»

የወረቀቷ ጥግ ላይ ያለውን የጭቃ አሻራ በጣቷ ዳበሰች።

«እንዲህ ያለ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል?»

«የወረቀቱን ጠባይ ልነግርሽ እችላለሁ፣ የሰውየውን አይደለም። ቤት የሚገዛ ሰው ደባል የሚያስገባ ከሆነ ባንኩ የደባሉን ኪራይ እንደ ገቢ ይቆጥርለታል። ደባሉ ግን እንግዳ ሰው መሆን አለበት።» ናይሪ ወደፊት ጎንበስ አለች። «እኔ ለባንክ የማቀርበው እውነት የሆነውን ብቻ ነው። ይሄ እውነት ከሆነ እንደገና በፊቴ ፈርሚ። ካልሆነ ንገሪኝና እዚሁ ይቀራል። እውነት ነው ወይ፣ ሉፔ?»

የሦስት ዓመት ሕፃን ጥያቄ ነበር፤ ቀላል፣ አዎ ወይም አይደለም። አዎ ብትል ዳንካን ቤቱን ያገኛል፣ እሷም በሱ ቤት በደባል ስም ትገባለች። አይደለም ብትል ቤቱ ይቀራል፣ ምናልባትም ዳንካን ራሱ ይቀራል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እንዲሁ አባባል ይመስላት ነበር፤ ሰው ወድቆ ካላየው አጥንቱ የት የት እንደሚያም አያውቅም።

«እስከ ዓርብ ስጪኝ» አለች።

«ዓርብ አሥር ሰዓት» አለች ናይሪ። በሩ ድረስ ሸኝታት እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ሉፔ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ያንን እጅ ትከሻዋ ላይ ተሸክማ ሄደች።

* * *

ቤቱ ከተማውን ቁልቁል የሚያየው ኮረብታ ላይ ያለ፣ በነጭ ድንጋይ የተሠራ አሮጌ ቤት ነው። ሐሙስ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሉፔ አጥሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ዳንካን በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ድንች ይዞ እየሳቀ መጣ።

«የኔ ርግብ! ቁልፉን ሳይሰጡን ልትገቢ ነው እንዴ?»

«አነበብኩት» አለችው።

«ምኑን?»

«ያስፈረምከኝን።»

ጆሮው ቀላ፤ ያ የምትወደው ጆሮ። «ናይሪ ነገረችሽ? ልትነግርሽ አትችልም እኮ፣ ሕግ አለባት…»

«ያንተን አልነገረችኝም። የኔን ነው ያስነበበችኝ። ለዚህ ነው የተናደድከው? ስለተነገረኝ?»

ዳንካን ድንቹን አጥሩ ላይ አስቀመጠ። «ርግቤ፣ አንድ ቃል ናት። ለባንክ የተጻፈች አንዲት ቃል። ያለ ደባል ኪራይ ብድሩ አይሞላልኝም። ማን ያነበዋል? መሳቢያ ውስጥ ገብቶ የሚረሳ ወረቀት ነው።»

«እሺ፣ ደባሉ የባንክ ነው እንበል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርስ የማን ነው? ‘የጋብቻም ሆነ የፍቅር’ የሚለው?»

ዳንካን ወደ ጫማው አየ። ሉፔ የፋሲካው ገበታ ትዝ አላት፤ ያን ጊዜ ሳህን ነበር፣ ዛሬ ጫማ ሆነ።

«አባዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «መነሻውን ገንዘብ የሚሰጠኝ እሱ ነው። ሁለተኛ ስም ካለበት አንድ ዶላር አልሰጥም አለ። ታውቂያለሽ፣ ሦስት ዓመት እንደ ባልና ሚስት ከኖርን ሕጉ ግማሹን ላንቺ ይላል። ይሄ ወረቀት ካለ ግን…»

«ይሄ ወረቀት ካለ ሚስትህ አልነበርኩም።»

«ለጊዜው ነው! አባዬ እስኪበርድለት። አሁን እንግባ፣ በሚቀጥለው ዓመት የበግ ሸለታው ሲያልፍ እንጋባለን።»

«አሁን እንግባ?» ሉፔ ከአጥሩ ወረደች። «አባቴ ቤት ምንጣፍ ላይ እግርህን አጥፈህ ሁለት ሰዓት የተቀመጥከው ምን ልትል ነበር? ልጅዎን ዳሩልኝ ስትላቸው አባቴ አንድ ነገር ነው የጠየቁህ። ‘ልጄ ያንተን በር በስሟ ትለፍ’ አሉህ። እግርህ ደንዝዞ እየተንገዳገድክ ቃሌ ነው አልክ። ቃልህ ይኸው ነው?»

«ሁለቱንም ማስደሰት ፈልጌ ነው» አለ። «አባዬንም አባትሽንም።»

«እኔንስ?»

ዳንካን የድንቹን ወረቀት መልሶ ጠቀለለ፤ ሉፔ ቀጠለች።

«ወላጅ ለቤት መግዣ ሲሰጥ ባንኩ ‘ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የሰጠሁት ስጦታ ነው’ ብሎ ያስፈርመዋል። አባትህም ፈርመዋል አይደል?»

«ፈርሟል።»

«ቅድመ ሁኔታውን የት እንደደበቃችሁት አሁን ገባኝ። እኔ ነኝ።» ቀና ብላ አየችው። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያንን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ እጅህ ትንሽ አልተንቀጠቀጠም?»

«በኮምፒውተር ነው የጻፍኩት» አለ ዳንካን።

እንዲህ ያለ መልስ የሚመልስ ወንድ ወይ በጣም የዋህ ነው ወይ በጣም የፈራ። ሉፔ የቱ እንደሆነ አላወቀችም፤ ያስለቀሳትም ያ ነው።

በዚህ መሐል ከቁጥቋጦው ስር ኮሽታ ተሰማ። ከባሕር የተመለሱ ሁለት ትንንሽ ፔንግዊኖች ሆዳቸውን ገፍተው መንገዱን ተሻገሩና እንደየማታው በቤቱ መሠረት ላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ወለሉ ስር ገቡ። በዚህ ከተማ ያሉ አሮጌ ቤቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ነዋሪ አላቸው። ቤቱን መጀመሪያ ያዩ ቀን ዳንካን በሳቅ ወድቆ ነበር።

«እነዚህን ምን ብለሃቸው እንደነበር ታስታውሳለህ?» አለችው።

ትዝ ብሎታል። ፊቱ ላይ ታየ።

«‘ደባሎቻችን ናቸው፣ ኪራይ አይከፍሉም’ አልክ። ለነሱ ያወጣኸውን ስም ነው ለኔ የሰጠኸኝ። እነሱ እንኳ የሚኖሩት ሳይፈርሙ ነው።»

«ርግቤ፣ እወድሻለሁ እኮ!»

«እንደምትወደኝ አውቃለሁ። ግን ለኔ ብቻ ነው የምትነግረኝ።»

አፏ ውስጥ አንድ ነገር ነበር። «የደባል ኪራይ አያስፈልግህም፣ እኔ ከዚያ የሚበልጥ ይዣለሁ፣ ስድስት ዓመት አጠራቅሜያለሁ» የሚል ነገር። ልትናገረው አንድ ትንፋሽ ነበር የቀራት። ግን ቃሉ ሳይወጣ እንባዋ ቀደመው፤ ፊቷን አዙራ ቁልቁለቱን ወረደች። ድንቹ አጥሩ ላይ ቀዘቀዘ። ከኋላዋ ስሟን ጠራት፣ ርግቤ ሳይሆን «ሉፔ» ብሎ፣ ልክ እንደሌላው ሰው።

* * *

ዓርብ ስትመጣ ልቧ ተለውጦ ነበር። ይህን የሚሰማ ሰው ሞኝ ይላት ይሆናል፤ ይበላት። ወዶ የማያውቅ ሰው ብልህ መሆን አይከብደውም። ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አድራ አንድ ነገር ወሰነች፤ ዳንካን ፈሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፣ ፈሪን ደግሞ አንድ ሰው እጁን ይዞ ሊያሻግረው ይችላል። የገንዘቧን መግለጫ በፖስታ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በናይሪ ፊት ታወጣዋለች፣ የደባሉ ወረቀት ይቀደዳል፣ ሁለት ስም ያለበት ሌላ ፎርም ይሞላል። ከዳንካን የምትፈልገው ለአባቱ የሚናገራትን አንዲት ቃል ብቻ ነው።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ዳንካን ቀድሟት ደርሶ አገኘችው። ጭቃ የያዘውን ቦት ጫማ በር ላይ አውልቆ በካልሲ ቆሟል። ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። ሰው በተቀደደ ካልሲ ያህል ነገር ይቅር ሊባል እንደሚችል አታውቅም ነበር። ወንበሯን ሳበላት። ተቀመጠች። ናይሪ ወረቀቱን አውጥታ በሁለቱ መሐል አስቀመጠች።

«ሁለታችሁም ስላላችሁ ደስ ብሎኛል» አለች ናይሪ። «እንግዲህ፣ ሉፔ…»

«ቆዪኝ፣ አክስቴ። መጀመሪያ እኔ የምለው አለኝ።» ሉፔ ቦርሳዋን ከፈተች። እጇ ፖስታውን ነካ። ቀና ብላ ዳንካንን አየችው፣ እሱም አያት፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ እሱም አልተኛም። በዚያች ዓይን ለዓይን በተገናኙባት ቅጽበት ሁሉም ነገር የሚስተካከል መሰላት።

የዳንካን ስልክ ጮኸ።

አወጣው። «አባዬ» የሚለው ጽሑፍ ለሉፔም ታያት። አንሣው፣ አለችው በልቧ። አንሣውና ንገራቸው። ዳንካን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አነሳው።

«አቤት አባዬ… አዎ፣ ደላላዋ ቢሮ ነኝ… እየጨረስን ነው…» አባቱን አዳመጠ። ሰፊው ትከሻው ሲወርድ ሉፔ ከኋላ ታየዋለች። «አይ፣ አባዬ። ብቻዬን ነኝ። ማንም የለም።»

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሦስት ሰው ሲገባባት ክርን ለክርን ይነካካል።

ዳንካን ስልኩን ዘግቶ ሲዞር ምን እንዳለ ገና አልገባውም ነበር። የገባው የሉፔን ፊት ሲያይ ነው። «አይ… ሉፔ፣ እንዲያው አፌ ላይ መጣ፣ እንዲያው…»

ሉፔ እጇን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ባዶዋን። ቦርሳዋን ዘጋች። አላለቀሰችም፤ ሌላው ቀርቶ አልተቆጣችም። የሆነ ነገር ውስጧ ሲበርድ ተሰማት፤ ትናንት ማታ ስታሞቀው ያደረችው ነገር ነበር።

«እስኪብርቶ ስጪኝ፣ አክስቴ።»

«ሉፔ» አለች ናይሪ፤ «ውሸት ከሆነ አልቀበልም።»

«ውሸቱን ላወጣለት ነው።»

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። አጥንት በምትለይበት በዚያ በሠለጠነ እጇ፣ ሳትቸኩል፣ ስለ ቤቱ የሚለውን ሰረዘች። ደባል የሚለውን ሰረዘች። ሁለት መቶ ሃምሳውን ዶላር ሰረዘች። እሁድ የፈረመችውንም ያንን ረጅም የደስታ ፊርማ ሰረዘችው። ከዚያ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ የዚህ ወንበር ሕግ ከመፈረም በፊት ማንበብ ነው።

«አታንብቢው» አለ ዳንካን። «በፈጠረሽ፣ ርግቤ፣ አታንብቢው። እቀደዋለሁ፣ አባዬን አናግረዋለሁ፣ ነገ…»

«እኔ ሉፔ ፊፊታ» ብላ ጀመረች፤ «ከአቶ ዳንካን ኤርሊ ጋር…» ስሙ ላይ ድምጿ ሊከዳት ሆነ፣ ያዘችው፣ «…የጋብቻም ሆነ የፍቅር ግንኙነት የለኝም።»

ረቡዕ ዕለት አፏ ላይ የቀሩት ሁለት ቃላት ዛሬ ወጡ። ረቡዕ ውሸት ስለነበሩ ነው ያልወጡት።

ፈረመች። ወረቀቱን አንስታ ለዳንካን ዘረጋችለት።

«ያንተን ሳላነብ ነው የፈረምኩልህ» አለችው። «ይሄኛውን ግን አንብቤ ነው።»

ዳንካን ወረቀቱን ይዞ ቆመ፣ በተቀደደው ካልሲ። ወደ መሬት ለማየት አንገቱን ሲደፋ ተው አላለችውም። በመጨረሻ ቦት ጫማውን በእጁ እንዳንጠለጠለ በካልሲው መንገዱ ላይ ወጣ፤ ፒክአፑም ቆይታ ቆይታ ተነሳች።

ናይሪ ሄዳ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ «ዝግ ነው» ወደሚለው ገለበጠችው። ተመልሳ መሳቢያዋን ከፈተችና ዳቦዎቹን አወጣች፤ ከስራቸው ደግሞ «ፊፊታ» የሚል ፋይል ይታያል፤ አመልካች በሚለው ቦታ ላይ አንድ ስም ብቻ የተጻፈበት።

«ላውጣው?» አለቻት።

ሉፔ አይብ የተጠቀለለበትን ዳቦ ተቀብላ በሁለት እጇ ያዘችው። ገና ለብ እንዳለ ነበር። እንባዋ ያኔ መጣ፣ አንዴ ሲመጣ ደግሞ ወንበሯ እስክትንቀጠቀጥ ድረስ መጣ።

«ሰኞ አውጪው፣ አክስቴ» አለች። «ዛሬ ላልቅስ።»